ከፓይሉ ጫፍ በታች

የሲያትል ከተማ መሐል ባሕር ዳርቻ ሰው የሠራው ምድር ነው። ዛሬ አላስካን ዌይ የተባለው ጎዳና የተዘረጋበት ሥፍራ፣ ሰፋሪዎች በ1850ዎቹ ሲደርሱ ባሕሩ በየቀኑ እየሞላና እየጎደለ የሚሸፍነውና የሚገልጠው ጭቃ ነበር። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዳርቻ ከጥንት ጀምሮ የኖረው የዱዋሚሽ ሕዝብ ዓሣ ያጠምድበት፣ ከጭቃው ውስጥ የሚበሉ የባሕር እንስሳትን ይለቅምበት ነበር። በ1853 ሄንሪ ዬስለር በእንፋሎት የሚሠራ የእንጨት መሰንጠቂያ ተከለና ሰጋቱራው ወደ ጭቃው መደፋት ጀመረ። እንጨት ሊጭኑ ባዶአቸውን የሚመጡ መርከቦች ሚዛናቸውን ለመጠበቅ በሆዳቸው የያዙትን ድንጋይ እዚያው ያራግፉ ነበርና ክምሩ አድጎ ደሴት ወጣው፤ የባላስት ደሴት ተባለ። በጁን 1889 የከተማው የንግድ ማእከል ተቃጠለ፤ ፍርስራሹ ተጠርጎ ወደዚያው ሄደ። ቀጥሎ የዴኒ ኮረብታ ተራ ደረሰ። ግንበኞች ኮረብታውን በኃይለኛ የውኃ ግፊት እየሸረሸሩ ወደ ኤልየት ባሕረ ሰላጤ አወረዱት፤ በ1930 በተጠናቀቀው የመጨረሻ ዙር ደግሞ አፈር የጫኑ ጠፍጣፋ ጀልባዎች ሰላጤው መሐል ገብተው በመገልበጥ ጭነታቸውን ይደፉ ነበር።

ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት ለጌጥ አይደለም። በዚህ ዳርቻ ላይ ያረጀ የባሕር መድረክ አንሥቶ አዲስ ለመትከል የተነሣ መሐንዲስ ከንድፍ በፊት ማወቅ ያለበት ይህንኑ ነው። ፒየር የሚባለው መድረክ ከየብስ ወደ ውኃው ተዘርግቶ በረጃጅም ምሰሶዎች፣ በሙያው ቋንቋ በፓይሎች፣ ላይ ይቆማል። አላፊ አግዳሚው የሚያየው ወለሉን፣ አጥሩን፣ ምናልባትም ከውኃው በላይ ያለውን የፓይል ራስ ነው። መድረኩን የሚያቆመው ግን ከባሕሩ ወለል በታች ያለው አፈር ነው፤ ያ አፈር ደግሞ ሰጋቱራ፣ የተቃጠለ ጡብ፣ የመርከብ ድንጋይና የፈረሰ ኮረብታ ከሆነ የጂኦቴክኒክ ምርመራው ግማሽ የምድር ሳይንስ፣ ግማሽ የከተማ ታሪክ ይሆናል።

መድረኮቹ ለምን ያረጃሉ? ከሁሉ በፊት የሚበላቸው ስላለ። ግሪብል የምትባል፣ ርዝመቷ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ የባሕር ፍጡር የእንጨት ፓይልን ከውጭ ወደ ውስጥ ትግጠዋለች። የመርከብ ትል የሚባለው፣ በዘሩ ግን የቀንድ አውጣ ዘመድ የሆነው ሌላው እንስሳ ደግሞ እንጨቱን ከውስጥ ይቦረቡረዋል። ይህን ለመከላከል ፓይሎቹ ክሪዮሶት በተባለ ከድንጋይ ከሰል በሚወጣ ዘይት ይነከሩ ነበር። ዘይቱ ዕድሜ ያረዝማል፤ ዘላለማዊ ግን አያደርግም፤ ከዚያም በላይ መርዙ ቀስ በቀስ ወደ ባሕሩ ወለል ይወርዳል። የሲያትል የባሕር ግንብም እንዲሁ ነው የተጎዳው። ከ1910ዎቹ እስከ 1930ዎቹ በየክፍሉ የተሠራው ይህ ግንብ ከጀርባው በተቀበረ የእንጨት መደብ ላይ ያረፈ ነበር፤ መደቡን ግሪብል በላው። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2001 መጠኑ 6.8 የደረሰው የኒስኳሊ ርዕደ መሬት ከተማዋን ሲነቀንቅ ግንቡም፣ በአጠገቡ ያለፈው ባለ ሁለት ፎቅ አውራ ጎዳናም ተጎዱ፤ ከዚያ በኋላ የተደረገው ምርመራ የችግሩን ጥልቀት ገለጠ። አዲሱ ግንብ ከ2013 እስከ 2017 ተሠራ። በ1974 የተከፈተው ፒየር 58 ግን ያን ያህል አልታገሠም። በ2020 ወደ ጎን መንቀሳቀሱ ታይቶ ለሕዝብ ተዘጋ፤ በሴፕቴምበር 13 ሠራተኞች ሊያፈርሱት ሲዘጋጁ ከፊሉ ተደርምሶ ሁለት ሰዎች ውኃ ውስጥ ገቡ። ሁለቱም በሕይወት ተርፈዋል። በምትኩ የተሠራው መድረክ በ2025 ተከፈተ።

በሲያትል ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ምናልባት ይህን የሚያነብ ሰው በአዲሱ መድረክ ላይ ልጆቹን አንሸራሽሮ ይሆናል። አዲስ አበባ ያለው አንባቢም ቢሆን ለነገሩ ባዕድ አይደለም። በመረሬ ላይ ቤት የሠራ ሰው አፈሩ በክረምት አብጦ በበጋ ሲሰነጠቅ ግድግዳውን ምን እንደሚያደርገው ያውቃል፤ ከፎቅ ግንባታ በፊት የአፈር ምርመራ የሚጠየቀውም ለዚህ ነው። የባሕሩ ጣጣ አፈሩ አለመታየቱ ነው። ከሥሩ የሚወጣውን ቆመህ ማየት፣ በእጅህ መጨበጥ አትችልም፤ በጥልቅ ውኃ ሥር ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከመቆፈሪያ ማሽን ሳይሆን ከመዝገብ ቤት ነው። የድሮ የባሕር ካርታዎች፣ የባቡር ኩባንያዎች ንድፎች፣ ቀደም ባሉት ዘመናት ለሌላ ሥራ የተቆፈሩ ጉድጓዶች መዝገብ፣ የአየር ላይ ፎቶዎች ይሰበሰባሉ። አንድ የቆየ ካርታ የተፈጥሮው ዳርቻ የት እንደነበር ካሳየ፣ ከዚያ መስመር ወደ ባሕር ያለው ሁሉ ሙሌት መሆኑ ይታወቃል። በእኔ እምነት ከጠቅላላው ምርመራ እጅግ ርካሹም እጅግ የተናቀውም ክፍል ይህ ነው። ማሽን የሚከራይ ሰው ገንዘብ ሲያወጣ ይታያል፤ መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ግን ሥራ የፈታ ይመስላል።

ከሙሌቱ ሥር ያለው ሌላ ዓለም ነው። ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ዛሬ ሲያትል ባለችበት ላይ 900 ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የበረዶ ግግር ተኝቶ ነበር። ያ ክብደት ከሥሩ ያገኘውን ሸክላ፣ አሸዋና ጠጠር ጨምቆ ከተራ አፈር ይልቅ ለድንጋይ የቀረበ አደረገው። በረዶው ቀለጠ፤ የተጨመቀው አፈር ግን ጥንካሬውን እንደያዘ ቀረ። እንግዲህ በዚህ ዳርቻ ላይ መድረክ የሚተክል ሰው ዋና ጥያቄ ሲጠቃለል ይህ ነው፦ በሰው እጅ ከተደፋው ልል ሙሌት፣ ከሥሩም ካለው የባሕር ደለል አልፈን በረዶው የረገጠው አፈር ጋር የምንደርሰው በስንት ሜትር ላይ ነው? መልሱ በሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። የጠንካራው አፈር ገጽ ይጎብጣል፣ ይሰረጎዳል፤ ወደ ባሕሩ መሐል ደግሞ እየጠለቀ ይሄዳል። በአንድ መድረክ ሁለት ጫፎች ላይ የፓይሎቹ ርዝመት በብዙ ሜትር ሊለያይ ይችላል።

ይህን ለማወቅ መቆፈር ግድ ነው። ያረጀው መድረክ ማሽን መሸከም ከቻለ ወለሉ ተበስቶ በዚያው ይቆፈራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ስለማይችል መቆፈሪያው በጠፍጣፋ ጀልባ ላይ ይጫናል። ጀልባው እንዳይንሸራተት ወፍራም የብረት እግሮች ወደ ባሕሩ ወለል ይተከላሉ። ከዚያ ኬዚንግ የሚባለው የብረት ቱቦ ውኃውን አልፎ ጭቃው ውስጥ ይገባል፤ ቁፋሮው የሚካሄደው በዚያ ቱቦ ውስጥ ነው። ሲያትል ላይ በዕለቱ ከፍተኛ ሙላትና ዝቅተኛ ጉድለት መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ ወደ 3.5 ሜትር ይጠጋል። ጀልባው ከውኃው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ጠዋት ከጀልባው ወለል ተለክቶ 20 ሜትር የተባለ ጥልቀት ከሰዓት በኋላ 20 ሜትር አይደለም፤ የባሕሩን ከፍታ በየሰዓቱ እየመዘገበ የማያርም ቡድን በሜትር የሚቆጠር ስሕተት ይዞ ይመለሳል።

በጉድጓዱ ውስጥ በየ1.5 ሜትሩ ገደማ ቁፋሮው ቆሞ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቀላል ሙከራ ይደረጋል። 63.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሳንቲ ሜትር ከፍታ በተደጋጋሚ ይለቀቃል፤ በዘንጉ ጫፍ ያለውን፣ ለሁለት የሚከፈት ወፍራም የብረት ቱቦ ወደ አፈሩ ይነዳዋል። ቱቦው 45 ሳንቲ ሜትር እስኪገባ የምቶቹ ብዛት በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ይቆጠራል። የመጀመሪያው 15 በቁፋሮው የተረበሸ አፈር ስለሆነ ይተዋል፤ የቀሩት የሁለቱ ድምር መሐንዲሶች "ኤን" የሚሉት ቁጥር ነው። ልል ሙሌት ላይ ኤን 3 ወይም 4 ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴ መዶሻው ሳይለቀቅ በገዛ ክብደቱ ብቻ ቱቦው ይሰምጣል። የበረዶው አፈር ላይ ሲደርስ 50 ምት ተመትቶ ቱቦው ጥቂት ሳንቲ ሜትር እንኳ ላይገባ ይችላል። ቱቦው ሲወጣ ይከፈታል፤ ጂኦሎጂስቱ አፈሩን ያያል፣ በጣቱ ያሸዋል፣ ቀለሙንና ሽታውን ይጽፋል፣ በታሸገ ዕቃ ያኖረዋል። በሲያትል የድሮው ነዋሪ ሕዝብ ቅርስ ሊገኝ ስለሚችል ከናሙናው የአርኪዮሎጂ ባለሙያም ድርሻ አለው።

ቁጥሩ ቀላል በመሆኑ ያታልላል። ሙሌቱ ውስጥ የተቀበረ ግንድ አለ፤ ቱቦው ግንዱ ላይ ሲያርፍ ኤን ይዘልላል፤ ወረቀት ላይ ብቻ ያየው ሰው ጠንካራ አፈር ተገኘ ብሎ ይደሰታል። ተቃራኒውም አለ። ቆፋሪው ዘንጉን ፈጥኖ ከሳበ በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውኃ ይጎድልና ከውጭ ያለው ግፊት አሸዋውን ከሥር ወደ ላይ ያፈላዋል፤ ቀጥሎ የሚደረገው ሙከራ የሚለካው ቆፋሪው ራሱ ያላላውን አሸዋ ነው። ለዚህ ነው ጉድጓዱ ምንጊዜም በወፍራም የቁፋሮ ጭቃ ተሞልቶ የሚቆየው፤ ለዚህም ነው ጥሩ ቆፋሪ ከጥሩ ማሽን የሚበልጠው። ቆፋሪው በእጁ ላይ የሚሰማውን ንዝረት፣ የጭቃውን መመለስና መጥፋት፣ የማሽኑን ድምፅ ለጂኦሎጂስቱ ካልነገረው ግማሹ እውቀት ከባሕሩ ሳይወጣ ይቀራል። ቆፋሪዎች ሙያቸው ተገቢውን ክብር ያላገኘ ሰዎች ናቸው።

ከመዶሻው ጎን ሌላ መሣሪያ አለ። በኔዘርላንድስ በ1930ዎቹ የተጀመረው የሾጣጣ ሙከራ፣ ጫፉ 60 ዲግሪ የሆነ፣ ስፋቱ 10 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያለው ሾጣጣ ብረት በሰከንድ 2 ሳንቲ ሜትር እየተገፋ ወደ ምድር የሚገባበት ነው። ሾጣጣው የጫፉን ግፊት፣ የጎኑን ፍትጊያና የውኃውን ግፊት በየጥቂት ሳንቲ ሜትሩ ይዘግባል፤ መዶሻው በየ1.5 ሜትሩ ዘልሎ የሚያልፈውን ቀጭን ንጣፍ አያመልጠውም። ናሙና ግን አያወጣም፤ ድንጋይና ፍርስራሽ ሲያገኝም ይቆማል። ስለዚህ ሁለቱ ይደጋገፋሉ። ለስላሳ ሸክላ ሲገኝ ደግሞ ስስ ቱቦ ቀስ ተብሎ ተገፍቶ ሳይረበሽ ይወጣና ላቦራቶሪ ውስጥ ጥንካሬው፣ በጭነት ሥር የሚሰጥመው መጠን ይለካል።

አንድ ስሌት እዚህ ላይ ያስፈልጋል። 100 ሜትር በ50 ሜትር የሆነ መድረክ አስቡ፤ ከሥሩ እስከ 30 ሜትር ያለው አፈር 150,000 ሜትር ኩብ ነው። አሥር ጉድጓዶች ቢቆፈሩ፣ ከእያንዳንዱ 20 የመዶሻ ናሙና ቢወጣ፣ የውስጥ ስፋቱ 3.5 ሳንቲ ሜትር የሆነው ቱቦ ሙሉ ሆኖ ቢመጣ እንኳ ጠቅላላ ናሙናው ወደ 87 ሊትር ነው፤ ከአራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ከሚሊዮን አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ለዚህም ነው ጉድጓድ ብቻውን ዕውቀት አይሆንም የምለው። በሁለት ጉድጓዶች መካከል ያለውን መስመር የሚስለው የቦታው ታሪክ ነው። በረዶ አፈርን እንዴት እንደሚያስተኛ፣ ወንዝ እንዴት እንደሚደለድል፣ ጀልባ ተገልብጦ አፈር ሲደፋ ክምሩ ምን ዓይነት ቅርጽ እንደሚይዝ የማያውቅ ሰው ሃያ ጉድጓድ ቢያስቆፍርም ሃያ ነጥብ ብቻ ነው ያለው።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? መድረክ መሸከም ብቻ ቢሆን ፓይሉን ጠንካራው አፈር ድረስ መንዳት ይበቃ ነበር። የባሕር ዳርቻን አስፈሪ የሚያደርገው ርዕደ መሬት ነው። በውኃ የተሞላ ልል አሸዋ ሲነቀነቅ ቅንጣቶቹ ሊቀራረቡ ይሞክራሉ፤ በመካከላቸው ያለው ውኃ የሚወጣበት ጊዜ ስለማያገኝ ግፊቱ ይጨምራል፤ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ መደገፋቸው ይቀራል፤ አፈሩ ለጊዜው እንደ ፈሳሽ ይሆናል። ሊክዊፋክሽን ይሉታል። ሳይንሱ በትክክል የተወለደው ከ1964 ሁለት አደጋዎች ነው። በማርች 27 አላስካን መጠኑ 9.2 የሆነ ርዕደ መሬት ሲመታ በቫልዲዝ ከተማ የወደቡ መድረክ ከሥሩ ካለው ምድር ጋር ወደ ባሕር ተንሸራተተ፤ በላዩ የነበሩ 30 ያህል ሰዎች አለቁ፤ ከተማዋ ኋላ ከናካቴው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረች። በጁን ደግሞ በጃፓን ኒጋታ ፎቅ ቤቶች ሳይሰበሩ በጎናቸው ተጋደሙ። በ1971 ሲድና ኢድሪስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከመዶሻው ምት ተነሥቶ አፈሩ ይፈስሳል ወይስ ይጸናል የሚለውን የሚገምት ዘዴ አሳተሙ፤ እየተሻሻለ ዛሬም ይሠራበታል። ከጥልቀትና ከመዶሻው ጉልበት አንጻር የታረመው የምት ቁጥር ከ30 ካለፈ አሸዋው ብዙ ጊዜ አያሰጋም። የሲያትል ሙሌት ከዚህ እጅግ በታች የሚሆንባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው።

ሥጋቱ ደግሞ የወሬ አይደለም። የሲያትል ስንጥቅ የሚባለው የምድር ስብራት ከተማዋን አቋርጦ ያልፋል፤ ከ1,100 ዓመት ገደማ በፊት ሲንቀሳቀስ በአቅራቢያው ያለ ደሴት ዳርቻ በአንድ ጊዜ 7 ሜትር ያህል ከፍ አለ፤ ሰላጤውም ውስጥ ሱናሚ ተነሣ። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ሙሌቱ ፈስሶ ወደ ባሕር ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተትም ፓይሎቹን ወደ ጎን ይገፋቸዋል። በ1995 ኮቤ ላይ የወደብ ግንቦች በሜትሮች ወደ ባሕር ሄደዋል፤ በ2010 የፖርቶ ፕረንስ ወደብ ሄይቲ እርዳታ በተጠማችበት ሰዓት በዚሁ ምክንያት ተናደ። ሌላም አለ። የፈሰሰው አፈር ሲረጋ ይሰጥማል፤ በሚሰጥምበት ጊዜ ፓይሉን ተጣብቆ ወደ ታች ይጎትተዋል። ትላንት ተሸካሚ የነበረው አፈር ዛሬ ሸክም ይሆናል። ንድፍ አውጪው እነዚህን ኃይሎች በቁጥር የሚያውቀው ከምርመራው ሪፖርት ብቻ ነው። የፓይሉ ውፍረት፣ የብረቱ ዓይነት፣ ርዝመቱ፣ ወይም አፈሩን አስቀድሞ በሲሚንቶ ማጠንከር ይሻላል ወይ የሚለው ውሳኔ ሁሉ ከዚያ ይመነጫል። በአዲሱ የባሕር ግንብ ላይ የተመረጠው ይህ የመጨረሻው ነበር፤ ሲሚንቶ በከፍተኛ ግፊት እየተረጨ ከሙሌቱ ጋር ተዋሕዶ ጠንካራ አምድ ሆነ።

ምርመራ ራሱ ዱካ ትቶ ያልፋል፤ ሲያትል ይህንን በከባድ ዋጋ ተምራለች። ከ2001ዱ ርዕደ መሬት በኋላ፣ በ2002፣ የክፍለ ግዛቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የከርሰ ምድር ውኃ ለማጥናት በባሕሩ ዳርቻ አንድ ጉድጓድ አስቆፈረ፤ ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 36 ሜትር የሆነ የብረት ኬዚንግ እዚያው ቀረ። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 2013፣ በርታ የተባለችው 17.5 ሜትር ስፋት ያላት የዋሻ መቆፈሪያ ማሽን ያንን ቱቦ መታች፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ቆመች። እንደገና መቆፈር የጀመረችው ሁለት ዓመት ያህል ቆይታ ነው። ተቋራጩ ለጉዳቱ ቱቦውን ተጠያቂ አደረገ፤ መሥሪያ ቤቱ ቱቦው በሰነዶቹ ውስጥ ተጠቅሷል ብሎ ተከራከረ፤ በ2019 ዳኝነት የተቀመጡት ዜጎች ለመሥሪያ ቤቱ ፈረዱ። ፍርዱ የማን ይሁን የማን፣ በሙያው ላሉት የቀረው ነገር ግልጽ ነው፦ እያንዳንዱ ጉድጓድ በትክክለኛ ቦታው ይመዘገባል፣ ሥራው ሲያበቃ ቱቦው ይወጣል፣ ቀዳዳው ከሥር እስከ ላይ በሲሚንቶና በሸክላ ቅልቅል ይደፈናል። በባሕር ውስጥ ይህ ተጨማሪ ምክንያት አለው። የሰላጤው ወለል በክሪዮሶትና በመቶ ዓመት የወደብ ቆሻሻ የተበከለ ስለሆነ ያልተደፈነ ጉድጓድ ለመርዙ ወደ ታች መውረጃ መንገድ ይሆናል፤ ከጉድጓዱ የወጣው ጭቃም ወደ ባሕሩ አይመለስም፣ በበርሜል ታሽጎ ይመረመራል።

ሪፖርቱ ተጽፎ፣ ንድፉ ጸድቆ፣ የብረት ፓይሎቹ ሲመጡ ምርመራው ያለቀ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል። የሚነዳው እያንዳንዱ ፓይል አዲስ የአፈር ሙከራ ነው። መጀመሪያ በንዝረት ወደ ታች ይወሰዳል፤ ወደ ጠንካራው አፈር ሲቃረብ በመዶሻ ይመታል። የመዶሻው ድምፅ ውኃ ውስጥ ርቆ ስለሚሄድ ለሳልሞንና ለገዳይ ዓሣ ነባሪዎች ጎጂ ነው፤ ስለዚህ ጠንካራው አፈር የት እንዳለ አስቀድሞ ማወቅ የመዶሻውን ሰዓት ያሳጥራል። ተቆጣጣሪው ፓይሉ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ስንት ምት እንደወሰደ ይጽፋል፤ በተመረጡ ፓይሎች ራስ ላይ የታሰሩ መለኪያዎች ደግሞ በየምቱ ብረቱ ውስጥ ያለፈውን ኃይል ይመዘግባሉ። ይህ ከጉድጓዶቹ መዝገብ ጋር እየተነጻጸረ የጠንካራው አፈር ካርታ ይታረማል። አንድ ፓይል በተገመተለት ጥልቀት ላይ ደርሶ መቋቋም ሳያሳይ ቢቀር ወዲያው አይደነገጥም። በመነዳቱ የተረበሸው አፈር ግፊቱ እስኪበርድ፣ በተለይ ሸክላነት ካለው፣ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይተውና ፓይሉ እንደገና ይመታል፤ ብዙ ጊዜ ጥንካሬው ጨምሮ ይገኛል። ካልጨመረ ብየዳ ሠራተኛው ይጠራል፤ በፓይሉ ራስ ላይ ተጨማሪ ቁራጭ ብረት ተበይዶ ወደ ታች መነዳቱ ይቀጥላል።